የዑመይር ቁጥር

የሱብሒ አዛን ሲሰማ ሰልሚያ ነቅታ ነበር። ተነሥታ ለሶላት ታጥባ ውዱእ አደረገች፤ ሰገደች፤ መስገጃዋን አጥፋ ሣጥኑ ላይ አኖረች። ውኃ በፈረቃ የሚለቀቅበት ቀን ስለነበረ ቢጫዎቹን ጀሪካኖች ቧንቧው ሥር ደርድራ እስኪሞሉ ድረስ ግቢውን ጠረገች። ከቡታጅራ በላይ ያለው ተራራ ገና ጉሙን አልጣለም። ሻይ ጣደች። ከማታ የተረፈውን ቆጮ አሙቃ በጎመን ለአማቷ ለወይዘሮ ሰፍያ አቀረበች። ከዚያ የሳሎኑ መስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠውን ስልክ በሻሿ ጫፍ ወለወለችው።

ስልኩ የባሏ የዑመይር ነው። መስተዋቱ ከላይኛው ጥግ ጀምሮ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። ባትሪው ስለደከመ ከቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል፤ ስለዚህ ከመስኮቱ ተነሥቶ አያውቅም። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ መብራት ሲመጣ ሰልሚያ ታበራዋለች። ዑመይር ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው። ስልኩ ግን ሳይጮኽ የሚውልበት ቀን የለም።

በዚያም ጠዋት ጮኸ። አንዴ ብቻ፣ ጠብታ ባዶ ባልዲ ላይ ሲወድቅ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። ወይዘሮ ሰፍያ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣

"ተጠራ" አሉ።

ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሰልሚያ ስልኩን ከፈተች። የተለመደው መልእክት ነው፦ የማረጋገጫ ኮድ፤ ለማንም አይስጡ። የማን እንደሆነ አይናገርም። መናገርም አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ ራሱ ይደውላል። ወዲያው የእሷ ስልክ ጠራ።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ የዑመይር ቤት!"

የቆሼው በርበሬ ነጋዴ ጋሽ ሰይዶ ነበሩ።

"ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ጋሽ ሰይዶ። አሁንም ረሱት?"

"እኔ የት ረሳሁት! እሱ ነው የረሳኝ። 'ማን ነህ?' ይለኛል። ዓመት ሙሉ የበርበሬ ፎቶ እየለጠፍኩበት ከርሜ ዛሬ ማን ነህ! ሚስቴ እንኳ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።"

"እሷ ስለምታውቅዎት ነዋ።"

"እሱስ ልክ ነሽ። በይ አንብቢልኝ፤ ይሄ ቁጥር ቶሎ ይሞታል አሉ።"

አንድ በአንድ አነበበችላቸው። በወዲያኛው በኩል ጋሽ ሰይዶ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብለው እየደገሙ ጫኑ።

"ገባልኝ! አላህ ዑመይርን ይርሐመው። ሞቶም ያገለግለናል።"

"አሚን" አለች ሰልሚያ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሥራ ወጣች።

ዑመይር በሕይወት ሳለ ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነበር። ስልክ ይሸጣል፤ ስልክ ይጠግናል። ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቀው አካውንት በመክፈት ነው። በገበያ ቀን ከመስቃን ገጠር፣ ከማረቆ ቆላ አዲስ ስልክ ገዝቶ የሚመጣ ሰው፣ ስልኩ ገና ሲበራ ስምህን፣ የልደት ቀንህን፣ ቁጥርህን አምጣ ብሎ ያፈጥበታል። ሰውየው ሲም ካርዱን ገና ያላወጣ ይሆናል፤ ወይም ሲሙን በየስድስት ወሩ የሚጥል ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ፊደሉን አይለይም። ዑመይር ስልኩን ይቀበልና እያወራ፣ እያሳቀ፣ ሳያይ ማለት ይቻላል፣ ሁሉንም ሞልቶ ይመልስለታል። ፓስወርዱን ራሱ ያወጣል፤ በቃሉ ይይዛል። የልደት ቀን ሲጠየቅ ለሁሉም የፈረንጆቹን ዓመት የመጀመሪያዋን ቀን ይሞላል። ከዚህ የተነሣ በየዓመቱ በዚያች ቀን ጠዋት የከተማው ስልክ ሁሉ ባንድ ላይ እንኳን ተወለድክ ይላል። ጋሽ ሰይዶ በዚያ ቀን የሚያገኙትን ሰው ሁሉ "እንደምን አደርክ መንታዬ" እያሉ ይጨብጣሉ።

አካውንቱ የተቆለፈ እንደሆነ ማስከፈቻ ኮድ የሚላክበትን ቁጥር ሲጠየቅ ደግሞ ዑመይር የራሱን ያስገባል። "የእናንተ ቁጥር ዛሬ አለ፤ ነገ የለም። የእኔ አይጠፋም" ይላቸው ነበር።

እንዲህ የሚያደርግ ሰው፣ ያንኑ ሲያወግዝ የሚውል መሆኑ ነበር ሰልሚያን የሚያስቃት። ዑመይር ስለማናቸውም ፕሮግራም አስተያየት ነበረው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ፣ እሷ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ስታጠና እሱም ኮምፒውተር ሲማር፣ አባቱ ሞተው ቤተሰብ ለመርዳት ሦስተኛ ዓመት ላይ ከማቋረጡ በፊት፣ የተዋወቁትም በዚሁ ክርክር ነው። የቤተ ሙከራው ኮምፒውተር አሮጌ ሆኖ እሷ በአዲስ ኮምፒውተር የጻፈችውን ጽሑፍ አልከፍትም ብሏት ስትናደድ፣ ከኋላዋ የተቀመጠ ቀጭን ልጅ፣

"አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያነበው ከሆነ እኮ የጻፍሽው ለፕሮግራሙ ነው፤ ለመምህሩ አይደለም" አላት።

"ማን ጠየቀህ?"

"ፊትሽ።"

በሱቁም እንዲሁ ነበር። የከተማው የሠርግ ቪዲዮ አንሺ መቁረጫ ፕሮግራሙ ድንገት አልሠራ ብሎት የአንድ ክረምት ሙሽሮችን ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ዘግቶ ባስቀረበት ጊዜ፣ ዑመይር ሦስት ቀን ታግሎ አልሆነለትም። "ሙሽሮቹ እዚያ አሉ፤ ልናወጣቸው ግን አንችልም" አለ። በመልእክት መላላኪያው የሚሄድ ፎቶ እየደበዘዘ መምጣቱ ያናድደዋል። በነጻ ነው የሚባል አገልግሎት ያሳስበዋል። "ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ያለ ቤት የኪራይ ቤት ነው" ይላል።

"አንተስ?" ትለው ነበር ሰልሚያ። "የዚህ ሁሉ ሰው ቁልፍ ያንተ ኪስ ውስጥ አይደል?"

"እኔ እኮ ሰው ነኝ። ተጠርቼ የጠፋሁት መቼ ነው?"

ከአዲስ አበባ የስልክ መስተዋት ገዝቶ ሲመለስ ከጥያ ትንሽ እንዳለፉ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ፖሊስ ለሰልሚያ ያስረከባት ስልኩን፣ ሰዓቱንና በጋዜጣ የተጠቀለለ የመስተዋት እሽግ ነው። እሽጉን ስትፈታው አንዱም አልተሰበረም ነበር።

የዒዳ ጊዜዋን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቆየውን አራት ወር ከዐሥር ቀን፣ ከቤት ሳትወጣ ስትቀመጥ ሰዎች መጡ። ለቅሶ ደርሰው፣ ዱዓ አድርገው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ሲነሡ በሩ ላይ ይዘገያሉ። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ይቅርታ፣ በዚህ ጊዜ መጠየቁ ነውር ነው... ስልኬ ኮድ አምጣ እያለኝ..." ሰልሚያም ወደ መስኮቱ ትሄድና ታነብላቸዋለች። የመጀመሪያው ቀን ድምፁ ሲሰማ ወይዘሮ ሰፍያ በድንጋጤ ብድግ ብለው ነበር። ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ሰልሚያ ሌላ የምትለው አጥታ፣ "ዑመይርን ፈልገው ነው" አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው "ተጠራ" ማለት የጀመሩት። ልጃቸው በሞተ በሳምንቱ የጠፋው የምግብ ፍላጎታቸውም በዚያው ሰሞን ተመለሰ።

ሱቁ ጭማቂ ቤት ሆነ። የጥገናውን ሥራ መናኸሪያው ማዶ የከፈተው ቴዲ የሚባል ጎልማሳ ወረሰው። ሰልሚያ የመስኮቱ ስልክ ገመዱ ተበጥሶ ሌላ ልትገዛ የሄደች ዕለት፣ ቴዲ ገመዱን እየፈተነ፣

"አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቆጪ" አላት።

"በል።"

"ይሄ የዑመይር ቁጥር ነገር እኮ ቀላል ነው። ሰዉ በየራሱ ይግባና የሱን ቁጥር አውጥቶ የራሱን ያስገባ። ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም። አንቺም ታርፊያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ታዲያ?"

"እናያለን።"

"እናያለን የቀበሌ መልስ ነው አቦ! እሺ ሲሙን አውጪውና ያንቺ ስልክ ላይ ክተቺው። ሁለት ሲም ይይዛል እኮ።"

"አይ፤ እንዳለ ይሁን" አለች። ገመዱን ይዛ ወጣች።

ለቴዲ ያልነገረችውን ለማንም አልነገረችም። አንድ ሰው ቁጥሩን በቀየረ ቁጥር፣ ዑመይርን የሚፈልገው ሰው በአንድ ይቀንሳል። ሁሉም የቀየሩ ቀን ስልኩ ዝም ይላል። ሲሙን ወደ ራሷ ስልክ ብታዛውረው ደግሞ ድምፁ የእሷ ስልክ ድምፅ ይሆናል። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ይህን ደግሞ በቃል መናገር ይከብዳል፤ ሲናገሩት የልጅ ነገር ይመስላል። ስለዚህ እናያለን እያለች ወራት አለፉ።

የምትሠራው በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ነው። ያን ሰሞን ኮሌጁ የተማሪዎቹን መዝገብ ሁሉ ወደ አዲስ የኢንተርኔት ሥርዓት እንዲያዛውር ተወስኖ፣ እሷና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ኑኃሚን ለሥልጠና ወልቂጤ ተላኩ። በተራራው መንገድ፣ በአገና በኩል ሄዱ። ኑኃሚን አባቷ ከጎንደር በመምህርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ቡታጅራ ተወልዳ ያደገች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

አሠልጣኙ ሱፍ የለበሰ ወጣት ነበር። ግድግዳው ላይ እያሳየ፣ አንድ ጊዜ ሲጫን የተማሪው ውጤት ይመጣል፤ ሌላ ጊዜ ሲጫን ሠንጠረዡ ቀለም ይለውጣል። ሰዉ አጨበጨበ። ጥያቄ ሲባል ሰልሚያ እጇን አነሣች።

"ከእናንተ ጋር ያለን ውል ሲያልቅ የልጆቹን ውጤት በምን ዓይነት ፋይል ነው የምትመልሱልን? በሌላ ፕሮግራም ይከፈታል?"

ወጣቱ ፈገግ አለ። "እህቴ፣ ገና ሳንጋባ ስለ ፍቺ?"

አዳራሹ ሳቀ። ሰልሚያ እስኪያበቁ ጠበቀች።

"ሙሽራዋ የሚገባት መህር የሚቆረጠው እኮ ኒካሕ ሲታሰር ነው" አለች። "ሲፈርስ አይደለም።"

አሁን ሳቁ ወደ ወጣቱ ዞረ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "መልስ፣ ሙሽራው!" አሉ።

"መረጃው ሲስተሙ ውስጥ ነው" አለ ወጣቱ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ። "የትም አይሄድም።"

"የትም እንደማይሄድ ገብቶኛል። የጠየቅኩትም እሱን ነው።"

ስትቀመጥ ኑኃሚን ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ "ዑመይር የተናገረ መሰለኝ" አለቻት። ሰልሚያ የውኃዋን ፕላስቲክ ክዳን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

በዚያች ሰዓት ቡታጅራ ውስጥ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ስልኩ እየጮኸ ነበር።

ሰልሚያ ለሥልጠናው የዘጋችውን ስልኳን መንገድ ላይ ከፈተችው፤ ተራራውን ሲያልፉ ግን ኔትወርክ አልነበረም። ወደ ቡታጅራ ማቆልቆል ሲጀምሩ ያመለጡ ጥሪዎች በስልኳ ላይ ተግተለተሉ፤ አብዛኞቹ የቴዲ ናቸው። ቤት ስትደርስ ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ባሂራ ከአማቷ ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ስልካቸውን እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ቴዲ ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይዘሮ ባሂራ ስልክ ቅቤ ማጠቢያው ውኃ ውስጥ ወደቀ። ቴዲ አዳነው፤ ግን ሲነሣ ባዶ ሆኖ ነው የተነሣው። ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጃቸው ሸረፋ የሚደውልላቸው ዑመይር በከፈተላቸው አካውንት ነበር። ቁጥሩን አያውቁትም፤ እሱም በየጊዜው ይለዋውጠዋል። የሚያውቁት ፎቶውን መጫን ነው። አሁን ፎቶውም የለም። ለመግባት ኮድ ተጠየቁ፤ ኮዱ በዑመይር ቁጥር ላይ መጣ።

"ደጋግሞ ተጠራ" አሉ ወይዘሮ ሰፍያ። "ማን ያንብበው? እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ደግሞ ተቆልፏል።"

የስልኩን መክፈቻ የምታውቀው ሰልሚያ ብቻ ነበረች።

"እኔ ስሞክር፣ እሳቸው ሲጫኑ፣ ብዙ ጊዜ ጠይቃችኋል ብሎ አካውንቱን ዘጋው" አለ ቴዲ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሙሉ በሙሉ።"

ሰልሚያ ሻሿን ሳትፈታ ተቀመጠች። ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ በሳምንቱም ሞከረች። አገልግሎቱ የማታውቀውን ሁሉ ጠየቃት፦ መጨረሻ የምታስታውሰውን ፓስወርድ፣ አካውንቱ የተከፈተበትን ስልክ። ፓስወርዱ ከዑመይር ጋር ተቀብሯል። በመጨረሻ አንድ መልስ ብቻ ይደጋግም ጀመር።

"ምን ይላል?" አሉ ወይዘሮ ባሂራ።

"ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም ይላል።"

"ማንነቴን? ባሂራ ነኝ በይው! የሸረፋ እናት። ቡታጅራ ገበያ ቅቤ ተራ ማንንም ይጠይቅ።"

ሰልሚያ አዲስ አካውንት ከፈተችላቸው፤ በገዛ ቁጥራቸው። ግን ሸረፋ እዚያ ያወጣው ስም ሌላ ነው፤ ፎቶውም መኪና ነው ይላሉ። ሸረፋ ብለው ሲፈልጉ የሚመጣው ሸረፋ ሁሉ የሌላ ሰው ልጅ ነው። በዚያው ሰሞን እዚያ አገር ሱቅ ይዘረፋል የሚል ወሬ ገበያው ውስጥ ገባ። ወይዘሮ ባሂራ ቅቤያቸውን ይዘው መውጣት አልተዉም፤ ብቻ ሲመዝኑ ዓይናቸው ሚዛኑ ላይ አልነበረም። በየማታው በሰልሚያ ደጅ ያልፋሉ። "የለም?" ይላሉ። "እስካሁን የለም" ትላቸዋለች። "አላህ ያውቃል" ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን እንኳ "ወልቂጤ ባትሄጂ ኖሮ" አላሏትም። ቢሏት ይቀላት ነበር።

ወር ሊሞላ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ እየሳቁ ገቡ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተዛብቷል።

"ተገኘ! ሸረፋ ተገኘ!"

ወይዘሮ ሰፍያ አላህን አመሰገኑ። ሰልሚያ ወንበር አቀረበች። ወይዘሮ ባሂራ ግን ቆመው ነው የሚያወሩት።

"አገና ያለች የጓደኛው እኅት ዘንድ ደወለ። ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? 'እናቴ የሞተችው መቼ ነው? ንገሪኝ፤ ወንድ ነኝ፤ እችለዋለሁ' አላት።"

ወይዘሮ ባሂራ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

"ስደውል ጠፋች፤ አካውንቷ ተዘጋ፤ ስለዚህ ሞታለች፤ መርዶውን ደብቀውኛል ብሎ! መርዶ እንደምንደብቅ ያውቃላ፤ የእኛው ልጅ አይደል? አባቱ ሲሞት እኮ ስንት ወር ደብቀነዋል። ልጅቷ ደንግጣ ሚኒባስ ተሳፍራ መጣች፤ በሕይወት ካለሁ ልታየኝ። በሷ ስልክ አገናኘችን። 'አለሁ ልጄ' ስለው አላመነኝም። 'ድምፅ የምታስመስል ሴት አመጣችሁብኝ' አለ። 'እናቴ ከሆንሽ የዚያች የእንጨቱን በር የሰበረችው ላማችን ስም ማን ነው?' አለኝ። 'ቦራ ናት' አልኩት። ያን ጊዜ አለቀሰ።"

ወይዘሮ ሰፍያ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አይለይም።

"ሱቁን ዘግቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ ተቀምጦልኛል። ያገሩ ልጆች ሁሉ መጥተው ለቅሶ ደርሰዋል። በቁሜ ተለቀሰልኝ! 'ሰዉ ብዙ ነበር?' አልኩት። 'ቤቱ አልበቃም' አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቃችሁ?" ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። "ሐዘኑ ልጄን በግማሽ አክስቶታል። ፎቶውን አየሁት። ፂሙን አልተላጨም።"

ሰልሚያ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር።

"እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች።

"አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ? ስልኩ ነው እንጂ።"

ሰልሚያ ሻይ ቀዳችላቸው። ወይዘሮ ባሂራ ሻይ ጠጥተው ከሄዱ በኋላ ቴዲ ጋ ደወለች።

"በገበያው ቀን እቤት ና" አለችው። "አካውንቱ በዑመይር ቁጥር የተከፈተለትን ሰው ሁሉ ጥራልኝ። የሚያውቅ ላላወቀው ይንገር።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

በገበያው ቀን ግቢው ሞላ። ዘንቢል የያዘ፣ ዶሮ በእግሯ ያንጠለጠለ፣ የተሰነጠቀ ስልክ በመሐረብ የቋጠረ፣ በረንዳው ላይ ተራ ያዘ። ጋሽ ሰይዶ በርበሬያቸውን ትተው መጥተው ተራ አስከባሪ ሆነዋል። "አትጋፉ፤ ሁላችሁም ባንድ ቀን የተወለዳችሁ ናችሁ፤ ታላቅ የለም!" ይላሉ። ቴዲ እደጃፉ ተቀምጦ የሰዉን ስልክ ይቀበላል፤ ሰልሚያ ከውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ ኮዱን ታነብለታለች። ለእያንዳንዱ ሰው ስልኩ ሁለት ጊዜ ይጮኻል። መጀመሪያ ኮዱ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው፦ ይህ ቁጥር ከአካውንቱ ተነሥቷል።

ወይዘሮ ሰፍያ ጥጋቸው ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሰሙ።

"ዛሬስ ምን ነካቸው?" አሉ። "እንዲህ ተጠርቶ አያውቅም። ሠርጉም ቀን እንዲህ አልተጠራ።"

ሰልሚያ ምን እየሆነ እንዳለ አልነገረቻቸውም። ማንበቧን ቀጠለች። ድምፅዋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋሽ ሰይዶ ተራ አስከባሪነታቸውን ትተው የራሳቸውን ስልክ ሲያቀብሉ፣ ተቋረጠ። ውኃ ጠጣችና አነበበችላቸው።

ጥላው ግቢውን ሲሸፍን ቴዲ ተነሥቶ ወገቡን አቃና።

"አለቀ" አለ። ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ አያት። "ያንቺስ? ያንቺንም እሱ ነው የከፈተው አይደል?"

"የኔን ሌላ ጊዜ።"

ቴዲ ያንን እናያለን የመሰለ መልስ ሰምቶ ሊቀልድ አፉን ከፈተ። ሳይቀልድ ቻርጀሩንና መፍቻውን ሰብስቦ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ አልጮኸም። ወይዘሮ ሰፍያ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ቆዩ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

"መብራት የለም እንዴ?"

"አለ፣ እማዬ።"

"እህ" አሉ።

በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ቆጮውን ግማሹን ትተው ተነሡ። በሦስተኛው ጠዋት ሰልሚያ ሻይ ልታይ ብላ ማድቤት ገባች። የራሷን ስልክ አውጥታ፣ የራሷን አካውንት ከፍታ፣ ፓስወርዴን ረሳሁ የሚለውን ተጫነች። ከሳሎን ያ ድምፅ ተሰማ።

"ተጠራ" አሉ ወይዘሮ ሰፍያ።

ሰልሚያ ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሻዩን ይዛ ገባች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ የጠዋት ሥራዋ ሆነ። ትሰግዳለች፤ ግቢውን ትጠርጋለች፤ ማድቤት ትገባለች፤ ትጫናለች። መስኮቱ ላይ ስልኩ ይጮኻል፤ አማቷ ተጠራ ይላሉ፤ ቆጯቸውን ይጨርሳሉ። ዑመይር ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር ታውቃለች። ስለ ፕሮግራሙ አንድ ረጅም ንግግር ያደርግ ነበር፤ ስለ እሷ ግን ምንም አይልም። አንዳንድ ቀን አገልግሎቱ በቅርቡ ጠይቀዋል፤ ቆይተው ይሞክሩ ይላታል። ያን ቀን ቤቱ ዝም ብሎ ይውላል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል በአንዱ ጠዋት፣ ስልኩ ከጮኸ በኋላ፣ ከሳሎን ምንም አልተሰማም። ሰልሚያ ሻዩን ይዛ ስትገባ ወይዘሮ ሰፍያ በር በሩን እያዩ ነበር።

"ተቀመጪ" አሏት።

ተቀመጠች።

"ሻይ ሳይፈላ ስልክሽን ይዘሽ ማድቤት ትገቢያለሽ። ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። ስልክሽን ሳሎን የረሳሽ ቀን አይጠራም።"

ሰልሚያ ጣቶቿን አጣጥፋ ተመለከተች።

"እኔ ማንበብ አልቻልኩም እንጂ፣ ልጄ፣ መስማት እችላለሁ።"

"ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እማዬ። ምግብ ሲተዉብኝ ጊዜ..."

"አውቃለሁ። እኔም ተጠራ የምለው ላንቺ ብዬ ነው።"

ውጭ ባጃጅ አለፈ። ወይዘሮ ሰፍያ እጃቸውን ዘርግተው የምራታቸውን ጉልበት አንዴ መታ መታ አደረጉና መለሱት።

"ይበቃል" አሉ። "እንተወው፤ ይረፍ።"

ሰልሚያ ስልኳን አወጣች። የዑመይርን ቁጥር ከስሟ ሥር አገኘችው። አንሣ አለችው። እርግጠኛ ነሽ ብሎ ጠየቃት፤ አዎ አለች። መስኮቱ ላይ ስልኩ አንዴ ጮኸ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ጮኸ። ወይዘሮ ሰፍያ ተጠራ አላሉም። ሻያቸውን አንሥተው ጠጡ።

በማግስቱ የሱብሒ አዛን ሲሰማ ሰልሚያ ነቅታ ነበር። ሰገደች፤ ጀሪካኖቹን ደረደረች፤ ግቢውን ጠረገች። ቆጮ አሙቃ ለአማቷ አቀረበች፤ ወይዘሮ ሰፍያም እንደ አቅማቸው በሉ። ስልኩን በሻሿ ጫፍ ወለወለችው። ቻርጀሩ እንደተሰካ ነው፤ ሲሙ እንዳለ ነው፤ ቁጥሩም አልጠፋም። ጠዋት ጠዋት ይመጣ የነበረው ድምፅ የለም።